ድረ ገጽ የምንሠራው ለማን ነው?



ባሁኑ ጊዜ በፖሊም ሆነ በፔዳ ግቢ ድረ ገጽ መሥራት የሚችል ተማሪ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። አንዱ ለሆቴል፣ ሌላው ለጀልባ ማኅበር፣ ሦስተኛው ላጎቱ የግንባታ ዕቃ መደብር እየሠራ የኪሱን ወጪ ይደጉማል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ሆኖም በሻይ ሰዓት ተሰብስበን የምንነጋገረውን ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው ክርክሩ ሁሉ ስለ መሣሪያ ብቻ ነው። ሪአክት ይሻላል፤ የለም፣ ቩ ይሻላል፤ ዎርድፕሬስ የሰነፍ ሥራ ነው፤ የለም፣ ገንዘብ የሚያመጣው እርሱ ነው፤ እያልን ሻያችን ይቀዘቅዛል። ስለ መጋዙና ስለ መዶሻው ይህን ያህል ስንሟገት፣ በሚሠራው ቤት ውስጥ ማን እንደሚኖርበት የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምፈልገው አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፤ መሣሪያውንም፣ ሰርቨሩንም፣ የሙያችንን አቅጣጫም መምረጥ ያለብን ገጹን የሚከፍተውን ሰው አስቀድመን ካወቅን በኋላ ነው።

ይህ ሰው ማነው ብንል መልሱ ሩቅ አይደለም። ልጇ ዩኒቨርሲቲ የተመደበላት የዘጌ እናት ናት፤ ሩዙን ከፎገራ ጭኖ ወደ ከተማ የሚመጣው ነጋዴ ነው፤ ተራውን የሚጠብቀው የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ደግሞም እኛው ራሳችን ነን። ይህ ሰው ላፕቶፕ የለውም፤ ያለው ስልክ ነው። ስልኩም ቢሆን በፎቶግራፍ የሞላ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው እስከ ማታ የማያደርስ ነው። ዳታ የሚገዛው በቀን ወይም በሳምንት ፓኬጅ ነው። እኛ ግን ገጹን የምንሠራው በግቢ ዋይፋይ፣ በሰፊ ስክሪን፣ በጥላ ሥር ተቀምጠን ነው፤ ሞክረን «ይሠራል» የምንለውም በዚያው ላይ ነው። ገጹ ይሠራል መባል ያለበት በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ ስለ ተከፈተ ሳይሆን ያ ሰው በፀሐይ ላይ ቆሞ፣ በቀረችው ዳታ፣ የፈለገውን ስልክ ቍጥር ሲያገኝበት ነው።

እስቲ ነገሩን በቍጥር እንመልከተው። ዛሬ በየድረ ገጹ በሚሠራበት ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ያጻጻፍ ሥርዓት አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት «አማርኛ ገጽ ያከብዳል» የሚሉ አሉ። ይህ ከንቱ አሳብ ነው። 5,000 ፊደል ያለው ረዘም ያለ ጽሑፍ ቢበዛ 15 ኪሎባይት ያህል ቢሆን ነው። ባንጻሩ በዓለም ላይ ያለው መካከለኛ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2024 በስልክ ሲከፈት ከ2 ሜጋባይት በላይ ይመዝን ነበር። ይህም ማለት ያንዱ መካከለኛ ገጽ ክብደት እንዲህ ያሉ ከመቶ የሚበልጡ የአማርኛ ጽሑፎችን ይችላል ማለት ነው። እንግዲህ ያንባቢውን ፓኬጅ የሚበላው ፊደላችን አይደለም። የሚበላው ከካሜራ እንደ ወጣ ሳይቀነስ የተለጠፈው የጣና ፎቶግራፍ፣ ማንም ሳይጠይቀው በራሱ የሚነሣው ቪዲዮ፣ ካንዱ አቅጣጫ ወደ ሌላው የሚንሸራተተው ሥዕልና ይህን ሁሉ ለማንቀሳቀስ የሚጫነው የጃቫስክሪፕት ክምር ነው።

ስለ መሣሪያ በበኩሌ ያለኝን አስተያየት ልግለጽ። ድርን የፈለሰፈው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው፤ አሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ሰርን በተባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ ሲሆን፣ ማዕከሉም በ1993 ቴክኖሎጂውን ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ለዓለም ለቀቀው። በዚያን ጊዜ የተጻፈው የመጀመሪያው ገጽ ተጠብቆ ስላለ ዛሬም በማናቸውም ስልክ ይከፈታል። ምክንያቱም ንጹሕ ኤችቲኤምኤል ስለ ሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ስንት መሣሪያ ተነሥቶ ወደቀ! ባንድ ወቅት ፍላሽ የማያውቅ ሰው ድረ ገጽ ሠሪ አይባልም ነበር። ባለቤቱ አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉን ባቆመ ጊዜ በፍላሽ የተሠራው ገጽ ሁሉ ባንድ ጊዜ ባዶ ሳጥን ሆነ። ከዚህ የምንማረው አዲስ መሣሪያ አትንኩ የሚል አይደለም። ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ የምንፈልገውን ነገር ረጅም ዕድሜ ባሳየው ነገር ላይ እናቁም የሚል ነው።

ዎርድፕሬስን ብዙዎቻችን እንንቀዋለን። ንቀቱ ግን አይገባውም። ከዓለም ድረ ገጾች ከ40 በመቶ የሚበልጡት በርሱ የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለቤቱ ሠሪውን ሳይጠራ ዜናውን ራሱ ይጽፋል፣ ዋጋውን ራሱ ይለውጣል። ጥፋቱ ያለው በአጠቃቀማችን ላይ ነው። ለመልእክት መቀበያ አንድ ፕለጊን፣ ለሥዕል አንድ፣ ለበረዶ ማዝነቢያ ሳይቀር አንድ እየጨመርን ሃያና ሠላሳ እናደርሰዋለን። ፕለጊን ደግሞ እንደ እምቦጭ ነው፤ ሲገባ አበባው ያምራል፤ እየቆየ ሲሄድ ውሃውን ይሸፍነዋል፤ ሊነቅሉት ሲሞክሩ ደግሞ ሥሩ ከየት እንደሚጀምር አይታወቅም። ሳይታደስ የቆየ ፕለጊን ለሌባ የተከፈተ መስኮት መሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሪአክትንም ቢሆን አልነቅፈውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ፌስቡክ ለሕዝብ ያወጣው ይህ መሣሪያ ብዙ ነገር በየሴኮንዱ ለሚለዋወጥበት ሥራ፣ ለምሳሌ ለተማሪ ምዝገባ ወይም ለሆስፒታል የቀጠሮ ሥርዓት፣ ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል። ነገር ግን የምግብ ዝርዝር፣ ስልክ ቍጥርና አድራሻ ብቻ ለሚያስፈልገው የዓሣ ቤት ገጽ ሪአክት ማምጣት አንድ ጆንያ ጤፍ ለማጓጓዝ ተሳቢ መኪና እንደ መከራየት ነው። ዓሣ ቤቱ የሚፈልገው አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይልና ጥቂት ሲኤስኤስ ነው። «ይህን ብቻ ሠርቼ እንዴት ገንዘብ እጠይቃለሁ?» የሚል ወንድም ይኖራል። ሐኪም የሚከፈለው ባዘዘው መድኃኒት ብዛት አይደለም፤ እኛም ልንከፈል የሚገባን በጻፍነው የኮድ ብዛት አይደለም።

አሁን ወደ ቋንቋችን ልለፍ፤ ትልቁ ጕዳት ያለው እዚህ ላይ ነውና።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት አማርኛ በኮምፒዩተር የሚጻፈው እያንዳንዱ ድርጅት ለብቻው ባወጣው የፊደል ቅርጽ ነበር፤ ያ ቅርጽ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ከዚያ ለመውጣት ብዙ ሰዎች ደክመዋል። ለምሳሌ ያህል በካሊፎርኒያ ይኖሩ የነበሩት ኢንጂነር ፍስሐ አጥላው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዳሸን የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ከሠሩት ቀደምቶች አንዱ ናቸው። በነዚህ ሰዎች ድካም ዛሬ እጃችን ላይ ያለው ስልክ ሁሉ ፊደላችንን ያነባል።

ታዲያ እኛ ምን እያደረግን ነው? ማስታወቂያውን ባማርኛ ከጻፍን በኋላ በወረቀት አትመን፣ ማኅተም አድርገንበት፣ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተን በድረ ገጹ ላይ እንለጥፈዋለን። በፊደል ቢሆን 2 ወይም 3 ኪሎባይት የሚሆነው ጽሑፍ በሥዕል ሲሆን ብዙ መቶ ኪሎባይት ይሆናል። ይህ ብቻ ቢሆን በታገሥን ነበር። ነገር ግን በሥዕል ውስጥ ያለውን ስም ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ስሙን የሚሻ ተማሪ ሦስት መቶ ስም በጣቱ እያጐላ አንድ በአንድ ማየት አለበት። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው የዓይነ ስውራን ጓደኞቻችን ነገር ነው። የተጻፈን አማርኛ በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛን ከሚያነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ድምፁ የሰው ድምፅ ባይመስልም ይሰማል። ማስታወቂያው በፊደል ቢጻፍ ዓይነ ስውሩ ተማሪ የምዝገባውን ቀን ማንንም ሳይለምን ያውቃል። በፎቶግራፍ ሲለጠፍ ግን ፕሮግራሙ የሚያነበው ነገር የለም፤ ተማሪውም የሚያነብለት ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል። የምዝገባው ቀን ግን እርሱን አይጠብቀውም።

ሌላም አለ። የከተማችንን ስም እንመልከት። አንዱ ባሕር ዳር ይላል፤ ሌላው ባህር ዳር ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱን ቃላት አገናኝቶ ባህርዳር ይላል። ሁሉም ትክክል የሚመስለው ነው። ከውጭ የመጣ የመፈለጊያ ፕሮግራም ግን ይህን ካላስተማሩት ሦስት ልዩ ልዩ ከተሞች አድርጎ ያስባል። ሀን፣ ሐንና ኀን፣ እንዲሁም ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቈጥር ማድረግ ለአንድ ተማሪ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን ግማሽ ቀን ስለምንሠስት ፀሐይ የተባለች ልጅ ስሟን በጸ ስትፈልግ «አልተገኘም» ትባላለች።

የስም መሙያውም እንዲሁ ነው። ከውጭ የተቀዳው ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ግን የራሳችን ስም፣ ያባታችንና ያያታችን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። የቀን መምረጫው 12 ወር ብቻ ያውቃል፤ ጳጉሜን ለሚነሣ መንገደኛ ቦታ የለውም። ጃቫስክሪፕት በውስጡ የኢትዮጵያን የዘመን አቈጣጠር እንደያዘ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? አንድ መስመር ኮድ ዛሬን በመስከረምና በጥቅምት ስም ጽፎ ያወጣል። ስለ ሰዓትም ቢሆን «ጀልባው በ2 ሰዓት ይነሣል» የሚለውን የከተማችን ሰው ጧት እንደሆነ ያውቃል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያደርገዋል። እንግዳውም ባገሩ አቈጣጠር ተመርቶ ከቀትር በኋላ ወደብ ቢደርስ፣ ጀልባው ወደ ዘጌ ገዳማት ሄዶ እየተመለሰ ያገኘዋል። ሁለቱን አቈጣጠር ጐን ለጐን መጻፍ ምን ያህል ያደክማል?

ከመሣሪያ ቀጥሎ የሚነሣው ጕዳይ ገጹ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ማለት ሆስቲንግ ነው። ብዙዎቻችን የሠራነው ገጽ ያለው በጀርመን ወይም በአሜሪካ ነው። ከጣና ዳር ተነሥቶ ከሐይቁ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ የሚገኘውን ሆቴል ገጽ ለመክፈት የሚላከው ጥያቄ ወደ አዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜም በጅቡቲ በኩል ወደ ቀይ ባሕር ኬብል፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ሄዶ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በቀይ ባሕር ሥር ካሉት ኬብሎች አንዳንዶቹ ሲቈረጡ ይህ መንገድ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ዓለም ሁሉ አይቷል።

ወጪውም የሚቈጠረው በዶላር ነው። በዓመት 60 ዶላር የሚጠይቅ ሆስቲንግ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 3,400 ብር ያህል ነበር፤ ጥቂት ሳምንት ሳይቈይ አንድ ዶላር ከ100 ብር አልፎ ያው ሆስቲንግ ከ6,000 ብር በላይ ሆነ። ገንዘቡ ቢገኝም በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ ስለሌለን ውጭ አገር ያለ ዘመድ እንለምናለን። በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ርካሽ ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ደንበኛችን ይህን ሳያውቅ ውል ማስገባት ማታለል ነው። በሌላ በኩል ነጻ የሆነውን ነገር መሸጥም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ገጹን ከሰላይ የሚጠብቀው የምስክር ወረቀት ሌትስ ኢንክሪፕት በተባለው ድርጅት አማካይነት ከ10 ዓመት ገደማ ጀምሮ በነጻ ይሰጣል። ለዚህ ገንዘብ የሚያስከፍል ወንድም ካለ ቢያቆም ይሻለዋል።

ነጻ ቦታ የሚሰጡም አሉ፤ ጊትሃብ ለማይለዋወጥ ገጽ በነጻ ያስቀምጣል፤ ለተማሪ መልካም ነገር ነው። ሆኖም የሰው ቤት የሰው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጊትሃብ በአሜሪካ የማዕቀብ ሕግ ምክንያት በኢራን፣ በሶሪያና በክሪሚያ ባሉ ተጠቃሚዎች ላይ ገደብ ጣለ፤ ምንም ያላጠፉ ተማሪዎችም ሥራቸው ተዘጋባቸው። ስለዚህ የትም እናስቀምጠው የት፣ ሙሉ ቅጂው በራሳችን እጅ፣ ከተቻለም በሁለት ቦታ መኖር አለበት።

ስለ ዶሜንም አንድ ነገር ልጨምር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የሐይቅ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ገጹን እንዳድስለት ጠርቶኝ ነበር። ዶሜኑ የተመዘገበው በባለቤቱ ስም ሳይሆን ገጹን በሠራው ሰው ኢሜይል ነበር። ያ ሰው ከተማውን ለቋል፤ ስልኩም አይሠራም። የእድሳቱ ቀን አለፈ፤ ስሙም ጠፋ። ያ ስም ግን በበሩ ታፔላ ላይ፣ በመኪናቸው ጐን፣ በየቢዝነስ ካርዳቸው ላይ ተጽፎ ነበር። ባለቤትየዋ እትዬ «ልጄ፣ የራሴን ስም እንደገና ልግዛ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣሁ። ይህ ሙያ ምን ያህል እምነት የተጣለበት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ዶሜን የደንበኛው ንብረት ነው። ነጥብ ኮምም ይሁን በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚመዘገበው ነጥብ ኢቲ፣ በደንበኛው ስምና ኢሜይል መመዝገብ አለበት።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን ባማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መመለስ የጀመረውም በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ነው። ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው? በዚያን ጊዜ የሆነውን ነገር እንደ ሙያተኛ እናስበው። ለባሕር ዳር የሠራናቸው ገጾች አንዳቸውም አልጠፉም፤ በውጭ አገር ሰርቨር ላይ እንደ ተቀመጡ ነበሩ። የበርሊን ሰው የሆቴሉን ዋጋ ያነባል፤ የዋሽንግተን ሰው የጀልባውን ሰዓት ያያል። ማንበብ ያልቻለው የባሕር ዳር ሰው ብቻ ነበር።

«እንግዲያው ሰርቨሩን ወደ አዲስ አበባ እናምጣው» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ዛሬ በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ የዳታ ማዕከሎች አሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ሆስቲንግ ይሸጣል። ቅርበቱም፣ በብር መክፈሉም ጥሩ ነው። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ የስልክ ዳታ ሲዘጋ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨርም እንደ ጀርመኑ ይርቃል። መፍትሔው ከዚያ ወደ ሕዝቡ የቀረበ መሆን አለበት። ገጽ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ያለ መስመርም እንዲነበብ በስልኩ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ብሮውዘሮቹ ይህን ሥራ ከያዙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የምንጠቀምበት ግን ጥቂት ነን። ቴሌብር በ*127# ያለ ዳታ እንደሚሠራ ሁሉ፣ አስቸኳይ ማስታወቂያ ባጭር የስልክ መልእክት ሊላክ ይችላል፤ የአማርኛ መልእክት ባንድ ጊዜ የሚይዘው 70 ፊደል ስለ ሆነ አሳጥሮ መጻፍ መልመድ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በግቢ መረብ ውስጥ የተቀመጠ ሰርቨር የውጭው መስመር ቢቈረጥም ከግቢው ላለ ተማሪ ይከፈታል። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ጕድጓዱ በግቢው ውስጥ የሆነለት ሰው የከተማው ቧንቧ ቢዘጋም አይጠማም።

«ደንበኛው የሚፈልገው የሚያምር ነገር ነው፤ የሚከፍለውም ለቱሪስት ብሎ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የተቃውሞው ግማሽ እውነት ነው። ሐይቁና ገዳማቱ እንግዳ ይስባሉ፤ እንግዳም ፎቶግራፍ ማየት ይወዳል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በወረርሽኙም በጦርነቱም ምክንያት የውጭ እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሎቻችንን በርቸው ሳይዘጋ ያቆየው ያገር ሰው ነው፤ ሠርግ የደገሰው፣ ስብሰባ የጠራው፣ ለጥምቀት የመጣው። ለዚህ ሰው ደግሞ ገጹ ባማርኛ እንኳ አልተጻፈም። ውበትም ቢሆን ከክብደት ጋር አንድ አይደለም። በሚገባ የተቀነሰ አንድ ፎቶግራፍ፣ በሚነበብ ፊደል የተጻፈ ጽሑፍና የተስተካከለ ክፍተት ያለው ገጽ ያምራል፤ ፈጥኖም ይከፈታል።

በመጨረሻ ስለ ሙያው ጥቂት ልበል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የሥልጠና ዕቅድ ተጀምሯል፤ ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የሚካሄድ ሲሆን ከትምህርቶቹ አንዱ የድረ ገጽ ሥራ ነው። የምስክር ወረቀቱን ይዘን ብዙዎቻችን የምናልመው ላንድ የውጭ ኩባንያ ከዚሁ ሆነን መሥራትን ነው። በዶላር መከፈልን የሚጠላ ሰው የለም፤ እኔም አልጠላም። ነገር ግን መቶ ሰው የተማረውን ያንኑ የማሳያ ገጽ መቶ ጊዜ ሠርቶ ሥራ መጠበቅ ልዩነት አያመጣም። ዛሬ ደግሞ ያንን የማሳያ ገጽ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ በደቂቃ ውስጥ ይጽፈዋል። ያልነገሩትን ግን አያውቅም፤ ጳጉሜንን፣ የጀልባውን 2 ሰዓት፣ የዘጌዋን እናት ስልክ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከኛ በቀር ከየት ይመጣል?

ከተማችን ይህን ትምህርት ቀድሞ አይታዋለች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያም በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ፋብሪካው ኃይል ፈለገ፣ ፏፏቴው ሰጠ፤ ትምህርት ቤቱም ከሌሎቹ ሙያዎች ጋር የጨርቃ ጨርቅና የኤሌክትሪክ ባለሙያ አሠለጠነ። ትምህርት፣ ኃይልና ሥራ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ተያይዘው ነበር። ዛሬ የፖሊ ልጅ የሚማረው ሙያ ከአጠገቡ ካለው ወደብ፣ ከአጠገቡ ካለው ገበያ ጋር እንዲህ ሊያያዝ የማይችልበት ምን ምክንያት አለ?

እንግዲህ አሳቤን ወደ ሥራ ለመለወጥ የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማናችንም ብንሆን ገጽ ከማስረከባችን በፊት ከግቢ ዋይፋይ ወጥተን፣ ባሮጌ ስልክ፣ በገዛነው ፓኬጅ እንሞክረው። ለተራ የንግድ ቤት ገጽ የመጀመሪያው መክፈቻ ከ300 ኪሎባይት ካለፈ እንቀንሰው።

ሁለተኛ፤ የተማሪዎች ማኅበራችን ከራሱ ይጀምር። ከዛሬ ጀምሮ የሚያወጣው ማስታወቂያ ሁሉ በፊደል ይጻፍ፤ ማኅተሙ ያስፈልጋል ከተባለ ፎቶግራፉ ከጽሑፉ በታች ይለጠፍ።

ሦስተኛ፤ ሥራ የምንቀበል ተማሪዎች ባንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሚጻፍ አንድ ዓይነት ውል ይኑረን። ዶሜኑ የደንበኛው መሆኑ፣ የይለፍ ቃሉ ለደንበኛው መሰጠቱ፣ የሁለተኛው ዓመት ዋጋ አስቀድሞ መነገሩ ይጻፍበት። ከሰው የምንሰበስበውን ስምና ስልክ ቍጥርም በአደራ እንጠብቅ፤ ዛሬ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 የተባለ ሕግ አለ።

አራተኛ፤ ማኅበሩ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተነጋግሮ በግቢው መረብ ውስጥ አንድ ሰርቨር ያስፈቅድ። ያገለገለ ኮምፒዩተር ይበቃል። የትምህርት ማስታወሻዎች፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችና የዚህች መጽሔት እትሞች ይቀመጡበት። የሚጠብቁትም ተማሪዎች ይሁኑ።

አምስተኛ፤ የአማርኛ ፍለጋ፣ የኢትዮጵያ ቀን መምረጫና የስም መሙያ ኮድ እያንዳንዳችን ለየብቻ ከምንጽፍ ባንድነት ጽፈን፣ ማንም በነጻ እንዲወስደው እናድርግ። ድርም እዚህ የደረሰው ፈልሳፊዎቹ በነጻ ስለ ሰጡት ነው።

ከነዚህ አምስት ነገሮች አንዱም ዶላር አይጠይቅም፤ ከውጭ የሚመጣ ዕርዳታም አይጠብቅም። የሚጠይቀው ጥቂት ቅዳሜዎችን ነው። አሳቤን የሚቃወም ወንድም ወይም እኅት ቢኖር በሚቀጥለው እትም መልሱን እንዲጽፍልን እለምናለሁ፤ ሪአክትን ለመከላከል የሚነሣውንም ቢሆን በደስታ አነብለታለሁ። የሚስማማ ደግሞ ከጽሑፉ በፊት የሠራውን አንድ ገጽ በእናቱ ስልክ ከፍቶ ይይ።